«አንቺም ተለኪ እስቲ»፦ የኩላሊት ሕመምተኛን ስለሚያስታምሙ ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ስለ ኩላሊት ሕመም የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድም ሳያመልጠኝ አነባለሁ። ስለ እጥበት ማሽን እጥረት፣ ስለ መድኃኒት ዋጋ፣ ስለ ንቅለ ተከላ፣ ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊትን እንዴት አድርገው እንደሚጎዱ የጻፋችሁት ሁሉ ለቤታችን ትምህርት ሆኖናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚታለፉ ሰዎች ነው፤ ሕመምተኛውን ከቤት አምጥተው፣ በር ላይ ጠብቀው፣ ደግፈው ስለሚመልሱት አስታማሚዎች። የአስታማሚው ጤና የሕመምተኛው ሕክምና አንድ ክፍል ሆኖ ሊታይ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን የራሴን ቤት ጉዳይ መናገር ግድ ይሆንብኛል።

ባለቤቴ የ52 ዓመት ሰው ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ለዓመታት ሳያውቅ ኖረ፤ ካወቀም በኋላ «ደህና ነኝ» እያለ መድኃኒቱን ሲያቋርጥና ሲጀምር ቆየ። እግሩ ማበጥ፣ ምግብ ማስጠላት፣ ሌሊት ትንፋሽ ማጠር ሲጀምረው ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ደሙ ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ወደማቆሙ እንደደረሱ ተነገረን። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ እጥበት ያደርጋል፤ አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢሆን እንደሚሻለው ሐኪሞቹ ነግረውናል፤ ሆኖም የቦታውም የገንዘቡም ነገር አልፈቀደልንም።

በእጥበት ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ቁርሱን አዘጋጅቼ፣ መድኃኒቱን ቆጥሬ፣ ጋቢና ተጨማሪ ልብስ ይዤ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከማሽኑ ክፍል በር ላይ መድረስ አለብን። የታክሲ ሰልፍ ላይ ግፊያ አለ፤ የባለቤቴ ግራ እጅ ደግሞ ፊስቱላ የተሠራበት፣ ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር ደም ወደ ልብ ከሚመልሰው ሥር ጋር ተገናኝቶ ለመርፌው የተዘጋጀ እጅ ስለሆነ መገፋት፣ ዕቃ መሸከም፣ መታሰር ወይም ተኝተውበት ማደር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሁልጊዜ በግራው በኩል ሆኜ እሄዳለሁ። ሌሊት ከመተኛቴ በፊት መዳፌን በእጁ አንጓ ላይ አድርጌ እንደ ንብ የሚነዝረውን ስሜት እፈልጋለሁ፤ ንዝረቱ ካለ ፊስቱላው ይሠራል፣ ከጠፋ ግን ተዘግቷል ማለት ነውና ሳይነጋ ሐኪም ቤት መሄድ ይኖርብናል። ይህን ያስተማረችኝ ነርስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው ያስተማረችኝ፤ እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሌሊት ሳልነካው ተኝቼ አላውቅም።

ከሁሉ የከበደኝ የውሃው ነገር ነው። ሽንቱ እየቀነሰ ሄዶ ዛሬ ከሞላ ጎደል የለም፤ ስለዚህ የሚጠጣው ውሃ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ መውጫ የለውም። የቀን ድርሻው ግማሽ ሊትር ነው። ጠዋት ጠዋት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ቡናም፣ ሻይም፣ ሾርባም፣ መድኃኒት የሚውጥበትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ በዚያው ስኒ ለክቼ ከላስቲኩ ውሃ እደፋለሁ። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ከጎረቤት ጋር ሲጫወት የኖረ ሰው አቦሉን ብቻ ጠጥቶ ስኒውን ሲደፋ ማየት ቀላል አይደለም። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ «ጉሮሮዬን ላርጥብ እንጂ አልጠጣም» ይለኛል፤ እምቢ ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ። የተጠማን ሰው ውሃ መከልከል በእኛ አገር ምን ያህል ነውርና ኃጢአት ተደርጎ እንደሚታይ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ ይህን በገዛ ባለቤቴ ላይ በየቀኑ አደርገዋለሁ። ማክሰኞ ሚዛን ላይ ወጥቶ «ዛሬ አራት ኪሎ ውሃ ይዞ መጥቷል» ሲባል ደግሞ ነርሷ ቀና ብላ የምታየው እኔን ነው፤ እርሱ ሕመምተኛ ነው፣ የተቆጣጣሪነቱ ኃላፊነት የእኔ ሆኗል።

ከውሃው ቀጥሎ ምግቡ አለ። ጨው ይቀንሳል፤ ፖታሲየም የሚበዛባቸው ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች ልብ እስከማቆም ሊያደርሱ ይችላሉና ይከለከላሉ ወይም በጥቂቱ ብቻ ይፈቀዳሉ። ድንቹን ልጬ፣ በትንንሹ ከትፌ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ ቀቅዬ ውሃውን እደፋለሁ። ለቤቱ አንድ ወጥ፣ ለእርሱ ሌላ ወጥ ይሠራል። እዚህ ላይ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። በባህላችን የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ጠያቂ ሲመጣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ፣ አንዳንዱም በካርቶን የታሸገ ጁስ ጨምሮ ነው የሚመጣው። ሰዎቹ የሚመጡት ከልባቸው አዝነው፣ ከሌላቸው ላይ ቀንሰው ነው፤ «ይህ ለእርሱ መርዝ ነው» ብዬ በር ላይ ልመልሳቸው አልችልም። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ወደ ጓዳ አስገብቼ፣ እነርሱ ሲሄዱ ለጎረቤት ልጆች አከፋፍላለሁ። አንድ ጊዜ የባለቤቴ አክስት ከገጠር መጥተው እኔ ሥራ ሳለሁ ሦስት ሙዝ ልጠው አበሉት፤ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልናገርም። እትዬ ክፋት አልነበረባቸውም። የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ መንገር የነበረብኝም እኔው ነበርኩ።

ጾም ሲገባ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። የጾም ማዕዳችን ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ድንች ነው፤ አብዛኛው ለእርሱ በልክ ብቻ የሚፈቀድ ነው። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ሳያመነቱ ከጾም ፈቱት፤ ጸበሉንም ብዙ እንዲጠጣ ከማድረግ ይልቅ እንዲረጩትና እንዲያስቀምሱት ብቻ አደረጉ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት «ሰባት ቀን ጸበል ጠጥቶ ተነሣ» የሚሉ ዘመዶች ከአንድ ወገን፣ «ከግማሽ ሊትር እንዳያልፍ» የሚሉ ሐኪሞች ከሌላ ወገን ሆነው መካከል ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የሃይማኖት አባቶች፣ በሁሉም እምነት ያሉት፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ቢያውቁ ስንቱ አስታማሚ ከእንዲህ ያለ ጭንቅ ይገላገል ነበር።

ሰኞ ሌሊትን በተለይ ልናገር። ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ያለው ረጅሙ ክፍተት ስለሆነ ውሃው የሚከማቸው በዚያ ነው። ባለቤቴ ሰኞ ማታ በጀርባው መተኛት አይችልም፤ ሦስት ትራስ ደራርቤለት ተቀምጦ ያድራል። እኔ መብራት አጥፍቼ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። ትንፋሹ ሲያጥር ውሃው ሳንባ ውስጥ መግባት መጀመሩን አውቃለሁ፤ ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው ወይስ እስኪነጋ ልታገሥ የሚለውን የምወስነው በሌሊት፣ ብቻዬን፣ ልጆቹን ሳልቀሰቅስ ነው። ስለ አስታማሚ የኑሮ ሁኔታ ከተነሣ፣ የእኔ ኑሮ በአጭሩ በሳምንት አንድ ሌሊት እንዲህ አድሮ በነጋታው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሣት ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ሲታመም ሥራውን ስላቆመ የቤቱ ገቢ የእኔ ደመወዝ ብቻ ሆኗል። በሳምንት ሁለት እጥበት ማለት በዓመት 104 ቀን ነው፤ ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ደግሞ 156 ቀን ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምን እንደሚለኝ አገላብጬ አይቻለሁ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ ለእኔ 20 ቀን ይደርሳል። ሠራተኛው ራሱ ሲታመም የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ አለ። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ልዩና ከባድ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ ይህም በበጀት ዓመቱ ውስጥ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ ይፈቀዳል። ለሚታመም የትዳር ጓደኛ፣ ለእናት፣ ለልጅ ተብሎ በስም የተጻፈ ፈቃድ የለም። ባለቤቴ ቢሞት ሦስት ቀን እረፍት አለኝ፤ እንዳይሞት ለማስታመም ግን ሕጉ አያውቀኝም።

አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ በእጥበት ቀን አምስት ሰዓት እንድገባና ማታ አምሽቼ እንዳካክስ ፈቅዶልኝ ነበር። እርሱ ተዛውሮ ሌላ ሰው ሲመጣ «ለአንቺ የተለየ ሕግ የለም» ተባልኩ፤ ትክክል ነው፣ የለም። ዛሬ በግማሽ ቀን ቅጥር፣ በግማሽ ደመወዝ እሠራለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ላይ ቅሬታ ለማሰማት ይህን አልጻፍኩም፤ ሌላውም አሠሪ ሕጉ ካላስገደደው ከዚህ የተለየ አያደርግም። አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ እንደነገረችኝ፣ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት በርከት ያለ ሠራተኛ ባለው ድርጅት የሚሠራ ሰው በጠና የታመመ ወላጁን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ መውሰድ ይችላል፤ ደመወዝ ባይከፈልበትም የሥራ ቦታው ይጠበቅለታል። ፈቃዱንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ ሳይሆን በቀንና በሰዓት እየከፋፈለ፣ ለእጥበት ቀን ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል። እኛ ደመወዝ ይከፈለን ብንል አገሪቱ አቅም የላትም ይባል ይሆናል፤ በሰዓት የሚከፋፈል፣ ያለ ክፍያ የሆነ፣ ከሥራ መባረርን የሚከለክል ፈቃድ ግን መንግሥትን አንድ ብር አያስወጣም። የሕዝብ ተወካዮችም የሠራተኛ ማኅበራትም ይህን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ በማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 ከሽፋን ውጪ ከተደረጉት አገልግሎቶች መካከል የአካል ንቅለ ተከላ አለ፤ እጥበትም ለድንገተኛ የኩላሊት ሕመም ካልሆነ በቀር አልተካተተም። ዕድሜ ልክ የሚታጠብ ሰው ወጪው የቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ቤተሰብ የሚባለውም በተግባር አንድ ሰው ነው፤ የሚሸጠውን የሚሸጥ፣ ከዘመድ የሚበደር፣ ውጭ አገር ላለ ወገን ደውሎ የሚለምን፣ ማታ ማታ ደብተር ላይ የሚደምርና የሚቀንስ።

ባለቤቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «እግዜር ይማርልሽ» ይለኛል። የሚያምር ምርቃት ነው፤ «ልሽ» በምትለዋ ክፍል ውስጥ እኔም አለሁበት። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ሁሉ ግን «ተሻለው? ይበላል? እንቅልፍ ይወስደዋል?» የሚል ነው። በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይም ስሜ አለ፤ «ተጠሪ» በሚለው መስመር፣ ከስልክ ቁጥሬ ጋር፣ ቢያስፈልግ እንዲደወልልኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ራሴ የጠየቀችኝ ሰው አንዲት ነርስ ናት።

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ሰሞን ነበር። ባለቤቴን ማሽን ላይ አስገብቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ፣ ይህቺ ልጅ፣ በዕድሜ የእህቴ ልጅ የምትሆን፣ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና «እትዬ፣ ፊትሽ ደስ አላለኝም፤ አንቺም ተለኪ እስቲ» አለችኝ። «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ እንቅልፍ ነው» አልኳት። አልሰማችኝም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና መለኪያውን ክንዴ ላይ አሠረችው። 165 በ100 አለ። እንደገና ለካች፤ ያው ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ከዚያ መለኪያ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ፤ የባለቤቴን ግፊት ከእጥበት በፊትና በኋላ ስንት እንደሆነ በደብተር እጽፋለሁ፤ የእኔን ግን ከወለድኩ ወዲህ ማንም ለክቶኝ አያውቅም ነበር።

አሁን መድኃኒት ጀምሬአለሁ። ያን ቀን ግን የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ባለቤቴን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ያልታወቀና ያልታከመ ደም ግፊት ነው፤ እኔም በዚያው መንገድ ላይ ነበርኩ። በዓለም ላይ ኩላሊትን ከሚያደክሙ ምክንያቶች ግንባር ቀደሞቹ ስኳርና ደም ግፊት መሆናቸውን እናንተም ደጋግማችሁ ጽፋችኋል። እንቅልፍ የማያገኝ፣ የሚጨነቅ፣ የተረፈውን ምግብ ቆሞ የሚበላ፣ ለራሱ ሕክምና ገንዘብ ማውጣት እንደ ስስት የሚቆጥር ሰው ግፊቱ ቢጨምር ምን ይገርማል? ሕመምተኛውን በሥጋ የሚዛመዱትን፣ ልጆቹንና ወንድሞቹን ካየን ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ የኩላሊት ሕመም መኖሩ በራሱ ተጋላጭነትን ይጨምራል። እነዚህ ሰዎች በእግራቸው መጥተው በሐኪም ቤት በር ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አራት አራት ሰዓት ተቀምጠው ይውላሉ። ፈልጎ ማግኘት አያስፈልግም፤ ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን መለካት፣ ሽንታቸውን ማየት፣ ከፍ ብሎ የተገኘውን ወደ ተመላላሽ ክፍል መላክ ብቻ ነው። እጥበት የሚሰጡ ሐኪም ቤቶች ሁሉ ይህን እንዲያደርጉ ጤና ሚኒስቴር በአንድ ደብዳቤ ሊያዝዝ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከግፊቱ ሌላ ሊለካ የሚገባው ነገርም አለ። የአስታማሚን ሸክም ለመመዘን ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት፣ የዛሪት መጠይቅ የሚባል፣ 22 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለ። ለራስህ ጊዜ አጥተሃል ወይ፣ ጤናህ ተጎድቷል ወይ፣ ከሰው ጋር ያለህ ግንኙነት ቀንሷል ወይ፣ ገንዘቡ ይበቃል ወይ እያለ ይጠይቃል። በስልኬ ላይ አግኝቼ አንድ ዓርብ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሞላሁት፤ አጠገቤ የነበሩ ሁለት ሴቶችም በየተራ እያነበብኩላቸው መለሱ። አንደኛዋ ከወልዲያ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ናት፤ እዚህ ሐኪም ቤቱ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ሌሎቹን ልጆቿን ለአያታቸው ትታ መጥታለች። «በበሽተኛው ትናደጃለሽ ወይ?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ ላይ ስደርስ ዝም አለች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። «አንዳንድ ቀን እቆጣዋለሁ፤ ከዚያ ሌሊት ሌሊት እርሱን እያሰብኩ አለቅሳለሁ» አለችን። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። መቆጣት እንዳለ፣ መሰልቸት እንዳለ፣ ከዚያም ጥፋተኝነት እንደሚከተል የሚያውቅና የሚያዳምጣት አንድ ባለሙያ ቢኖር ምን ያህል በቀለላት! የአእምሮ ጤና ባለሙያ በወር አንድ ቀን በእጥበት ክፍል በር ላይ ቢቀመጥ እኛ ቀጠሮ ሳንይዝ እዚያው አለን።

ስለ ልጆች ሳልጽፍ ባልፍ ልቤ አይፈቅድም። ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። እኔ ሐኪም ቤት ስውል እራት የምትሠራው፣ ወንድሟን የምታስጠናው፣ አባቷ ከእጥበት ሲመለስ ግፊቱ ወርዶ፣ እግሩ ተኮማትሮ ሲጮህ የምታሸው እርሷ ናት። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ውጤቷ ሲወርድ መምህሯ አስጠርታኝ «ልጅቷ ክፍል ውስጥ ትተኛለች» አለችኝ። ልጄ በትምህርት ቤቷ ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ «እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም» ነው ያለችኝ። እናት አስታማሚ በሆነችበት ቤት ልጅም አስታማሚ መሆኗን ትምህርት ቤቶች ቢያውቁ መልካም ነው።

ንቅለ ተከላ ለምን አታደርጉም የሚሉን ብዙ ናቸው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጋሹ ግን በሕይወት ያለ የቅርብ ሰው ነው። ባለቤቴ የደም ዓይነቱ ኦ ነው፤ የእኔ ኤ ስለሆነ ልሰጠው አልችልም። ወንድሙ ይችል ይሆናል፤ አራት ልጆች ያሉት የቀን ሠራተኛ ነው። እኔ አልጠየቅኩትም። አማቴ ግን «ጠይቂው» ይሉኛል፤ እርሱም እንዳልጠይቀው ፈርቶ መምጣት አቁሟል። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል። ከለጋሽነት ጥያቄ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ አስቀምጦ የሚያነጋግር፣ እምቢ ለሚልም ክብሩን የሚጠብቅ አማካሪ እጅግ ያስፈልገናል።

በመጨረሻ ወደ እድራችን ልመለስ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን አብሮ ያድራል፤ ይህም የምንኮራበት ቅርስ ነው። በእኛ ሰፈር እድር የሴቶች ወገን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በወር አንድ እጥበት አንድ የእድር አባል ባለቤቴን ይዞ እንዲሄድ፣ እኔ ያን ቀን እንድተኛ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዲት አዛውንት «ለቀብር ሌሊቱን ሙሉ የምናድር ሰዎች ለቆመ ሰው ግማሽ ቀን እንዴት እናጣለን?» አሉ። አሁን ስድስት ሰዎች ተመዝግበዋል። ፊስቱላ ያለበትን እጅ እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ምን እንደማይጠጣ፣ ሲመለስ እንዴት እንደሚደግፉት እኔው አስተማርኳቸው። ባለፈው ወር መጀመሪያ ዓርብ ጎረቤቴ ይዛው ሄደች፤ እኔ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኛሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ያለ ጭንቀት የተኛሁት ያን ቀን ነው፤ ማታ ግፊቴ ሲለካ 135 በ85 ነበር። ሌሎች እድሮችም ይህን ቢሞክሩት፣ እጥበት የሚሰጡ ሐኪም ቤቶችም ለእንዲህ ያሉ ተተኪ አስታማሚዎች የአንድ ሰዓት ትምህርት ቢሰጡ ወጪው ምን ያህል ነው?

ጋዜጣችሁን አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኩላሊት ስትጽፉ ዘጋቢያችሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አንዱ የእጥበት ማዕከል ላኩት። ሕመምተኞቹ ከገቡ በኋላ ጋቢ ታቅፈው፣ ደብተር ይዘው ኮሪደሩ ላይ የቀሩትን ያነጋግር፤ መጀመሪያም የእነርሱን ጤና ይጠይቃቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት አስታማሚ
ከአዲስ አበባ